ሰባት ናት በይ

ጽገረዳ የምትሠራቸው ቆቦች ለብርቱካን የተለኩ ይመስሉ ነበር። ከጎረቤት የተረፈ የሹራብ ክር ትለምናለች፣ ቀዩን ከቢጫው ትቀጥላለች፣ በኪሮሽ ሠርታ ስትጨርስ ቡጢዋ ላይ አጥልቃ ትለካዋለች። ቡጢዋን አልፎ ከሰፋ «ይሄ የጎረምሳ ነው» ብላ ትተረትረዋለች። እኔም ሥራ ስፈታ አብሬያት እሠራ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ኖረናል፤ የውሃ ቧንቧችን አንድ፣ የልብስ ማስጫ ሽቦአችን አንድ ነበር። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና እሷ ራሷ የነገረችኝን ነው።

ነርስ ነበረች። የምትሠራው በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ፣ ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ነው። ሰው ሁሉ «ሙቀት ክፍል» ይለዋል። ሙቀቱ ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ማሞቂያ ሣጥኖቹ ጥቂት ስለሆኑ በአንዱ ውስጥ ሁለት ሦስት ሕፃናት ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጽገረዳ ሙቅ ውሃ የሞላችበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላ በመሀላቸው ታስገባለች። ሕፃን በነካች ቁጥር እጇን እስከ ክርኗ ስለምትታጠብ ጣቶቿ ይሰነጣጠቁ ነበር። ቤቷ ስትገባ መጀመሪያ የምታነሳው የቫዝሊኑን ቆርቆሮ ነው።

ቁመቷ አጭር ነበር፤ ሳቋ ከቁመቷ ይበልጣል። ከሕፃናቱ ይልቅ አብዝታ የምታወራልኝ ስለ ወላጆቹ ነው። አባቶች በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው እያሻሹ መግባት ይፈራሉ። «ግባ እንጂ ጋሼ፣ አይነክስህም፤ ጥርስ የለውም» ትላቸዋለች። እናቶች ደግሞ ያለቡት ወተት የኩባያውን ታች እንኳ አልሸፍን ሲላቸው አፍረው በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ያመጡታል። «ይሄ እኮ ለሱ ድግስ ነው» ብላ ጠብታ ሳታስቀር በሲሪንጅ ትቀዳዋለች፤ በአፍንጫው በገባው ቀጭን ቱቦ ወርዶ እስኪያልቅ ድረስም እናትየው አጠገቧ ቆማ እንድታይ ታደርጋለች።

ከሁሉ የሚያስቸግራት አንድ ጥያቄ ነበር። አያቶች ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ይመጡና ገና ሕፃኑን ሳያዩ «ስንት ወሩ ነው?» ይላሉ። በእኛ ዘንድ የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም ይባላል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ሐኪሞቹ የሚሉት ተቃራኒውን ነው፤ ልጅ በእናቱ ሆድ አንድ ወር ሲጨምር ሳንባውም ጉልበቱም ይጨምራል። ጽገረዳም ይህንኑ ለአያቶች ስታስረዳ ድምጿ እስኪዘጋ ደክማለች። ሰምተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በማግሥቱ አይመጡም።

አንድ ጊዜ ከወሎ ሰፈር የመጣች ልጅ እግር እናት ነበረች። ልጇ የስምንት ወር ነበር፤ ከጎረቤቶቹ ሁሉ የበረታ፣ ቱቦውን በእጁ እየጎተተ የሚያስቸግር። አያትየው ወሩን እንደሰሙ ልጃቸውን «ተነሽ፣ ወተትሽን አድርቂ፣ ልብሽንም አታድክሚ» ብለው ይዘዋት ሄዱ። ጽገረዳ ቤታቸውን አፈላልጋ ወሎ ሰፈር ድረስ ሄዳ በር ላይ ቆማ ለመነች። አያትየው ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ወንበር አውጥተው አስቀምጠዋታል። ያሏት ግን «ልጄ፣ የማያድገውን አታስታቅፊያት» ነው። ሕፃኑ ጠያቂ ሳያገኝ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ጽገረዳ አንድ ዘዴ ያዘች። ልጁ የስምንት ወር ሲሆን እናትየውን ዘመድ ከመምጣቱ በፊት ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብላ «ሲጠይቁሽ ሰባት ነው በይ» ትላታለች። ሐኪሞቹ ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ። ምሳ ዕቃው ይመላለሳል፣ አጥሚቱ በፔርሙዝ ይመጣል፣ እናትየው ትበላለች፣ ወተቷ ይወርዳል፣ ልጁ ይድናል። ብዙዎቹ አድገው ቁምጣ ለብሰው ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲያባርሩ አይቻለሁ። በዓይኔ ያየሁትን ሥራ ክፉ ነው ልል አልችልም።

ወይኒን ያዋለደው መከራ የመጣው በ1989 መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ወይኒ ከእኛ ግቢ ሁለት በር አለፍ ብሎ የሚገኘው የልብስ ሰፊው የአቶ ገብረመስቀል ልጅ ናት። እናቷ የሞተችው በልጅነቷ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ የጨርቅ ሱቅ ሻጭ ሆና ስትሠራ መብርሃቶም የሚባል የግሬደር ነጂ አግብታ ላንቻ ቤት ተከራይተው ነበር። መብርሃቶም የሚሠራው በደቡብ ጠረፍ፣ መንገድ በሚቆረጥበት ካምፕ ነው። በ1988 ለጥምቀት መጥቶ ጥርን ከሚስቱ ጋር ከረመ። ከዚያ ተመልሶ የመጣው ለፋሲካ ነው።

ወይኒን ደም ግፊት ያዛት። ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ ብዥ ብሎባት ሆስፒታል ገባች፤ ሐኪሞቹም እናትየውን ለማትረፍ ሲሉ ልጅቷን ቀኗ ሳይደርስ አወጧት። የተፀነሰችው በጥር ስለሆነ ስምንት ወሯ ነበር። ግፊቱ ግን ከእናቷ ሆድ በቂ ምግብ እንዳታገኝ አድርጓት ስለኖረ ከወሯ በታች ነበር የምትመስለው፤ ጭኗ እንደ አውራ ጣት፣ ቆዳዋ ለሰውነቷ የሰፋ ልብስ። የሰባት ወር ናት የሚላት ሰው አይፈረድበትም።

የመብርሃቶም እናት ወይዘሮ ትርሓስ መውለዷን እንደሰሙ ከውቅሮ በአውቶቡስ መጡ። ሁላችንም እንደ ወይኒ በትግርኛ «አደይ»፣ እናቴ፣ ነበር የምንላቸው። ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ነበሩ፤ የማር ቆርቆሮና የበሶ ዱቄት ከረጢት ከእጃቸው ሳያወርዱ ነው ሙቀት ክፍሉ በር ላይ የደረሱት። ልጃቸው መቼ ቤቱ መጥቶ መቼ እንደተመለሰ አያውቁም፤ ደብዳቤም አይጽፍላቸውም ነበር።

ጽገረዳ ቀድማ ወይኒ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። «ሰባት ናት በይ» ብላታለች። ወይኒም ሕመሙ ገና አልለቀቃትም፤ ልጄ ትኑርልኝ እንጂ ምንም እላለሁ ብላለች። ሁለቱም ያሰቡት ስለ ሕፃኗ ብቻ ነው። ባልየው በሁለቱም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም።

«ስንት ወሯ ነው?» አሉ አደይ ትርሓስ ገና ወይኒን ስመው ሳይጨርሱ።

«ሰባት ናት፣ አደይ።»

አደይ ትርሓስ አማተቡና ቆርቆሮውን አስቀመጡ። «ተመስገን። ስምንት ብትዪኝ ኖሮ በመጣሁበት አውቶቡስ እመለስ ነበር። የት ናት? አሳዩኝ።»

ወይኒ ግፊቱ አልወርድ ብሏት ልጇን መያዝ አልቻለችም። ሕፃናቱን በሰው ገላ፣ ደረት ለደረት አስጠግቶ ማሞቅ ያን ጊዜ በሆስፒታሉ የተጀመረ አዲስ ነገር ነበርና ጽገረዳ አደይ ትርሓስን ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ቀሚስዎን ከደረትዎ ይክፈቱ።»

«እዚህ? ሰው እያየ?»

«ማን ያይዎታል አደይ? እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ገና ዓይኑን አልገለጠም።»

አደይ ትርሓስ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሕፃኗን ደረታቸው ላይ ሲያስተኙላቸው ግን ሳቁ ቆመ። ጽገረዳ እንደነገረችኝ፣ ሴትዮዋ «ልቧ እንደ ጫጩት ነው፤ ከኔ ይቀድማል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ከዚያ ወንበር ሊያነሳቸው አልቻለም። ምግብ በአንድ እጃቸው ይበላሉ። ሕፃኗ መተንፈስ የረሳች ሲመስላቸው በጣታቸው እግሯን ኮርኮር ያደርጋሉ፤ ነርሶቹ ሲቆጧቸው እንኳ «ቀስ በሉ፣ ተኝታለች» ይላሉ። ጽገረዳ የሠራችውን ቀይና ቢጫ ቆብ አጥልቀውላት «ኳስ ተጫዋች አስመሰላችኋት» ይሉ ነበር። ልጅቷ የዳነችው በእሳቸው ደረት ነው። ይህን ማንም ሊክድ አይገባም፤ ኋላ ከመጣው ነገር ሁሉ በላይ የሚያመኝም ይሄው ነው።

ልጅቷ ስትበረታ ወደ ላንቻ ወሰዷት። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ታኅሣሥ ላይ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀች። የዓለም ስሟ አርያም ተባለ። የክርስትና እናቷ ጽገረዳ ሆነች፤ አደይ ትርሓስ ናቸው «ከሲስተር ሌላ ማንም አይዛትም» ያሉት። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። የነቢያት ጾም ስለነበረ ድግሱ ምስርና ሽሮ፣ ጎመንና ቀይ ሥር ነበር፤ ወንበሮቹ ከእድር የመጡ፣ ጠላው ጥሩ ነበር። መብርሃቶም ከካምፕ መጥቶ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ታቅፎ፣ የት እንደሚይዛት ጠፍቶት እንደ ዳቦ በሁለት እጁ ዘርግቶ ይዟት ነበር። አብሮት ደጋጋ የሚባል የገልባጭ መኪና ሾፌር መጥቷል፤ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። ገና ከመቀመጡ ቤቱን በሳቅ አናጋው።

«ጾም በተባለ ቁጥር እኔ ፓስታ ነው ትዝ የሚለኝ» አለ ደጋጋ እየጎረሰ። «ባለፈው ሁዳዴ ጎርፉ ድልድያችንን ወስዶብን፣ የካቲትንና መጋቢትን ፓስታ በቲማቲም፣ ፓስታ በቲማቲም! መብሬ ይመስክር። አንድ ሰው ከካምፕ አልወጣም።»

«የምቀቅለው እኔ ነበርኩ» አለ መብርሃቶም። «በጨው ፈንታ ስኳር የጨመርኩ ቀን ሊደበድቡኝ ነበር።»

«ደብድበንሃል እንጂ!»

ሁሉም ሳቀ። አደይ ትርሓስ ሕፃኗን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ እያወዛወዙ ነበር፤ ኩራታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። «እናንተ ፓስታችሁን ስታወሩ፣ ይቺ በሰባት ወሯ ወጥታ ሞትን አሸንፋለች» አሉ። «እዚች ደረቴ ላይ ነው ያደገችው።»

«በሰባት ወሯ?» አለ ደጋጋ። ጣቶቹን አንስቶ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ፤ ለጨዋታ ነው እንጂ ክፋት አልነበረበትም። «የመስከረም መጨረሻ… ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ፣ ግንቦት፣ ሚያዝያ፣ መጋቢት፣ የካቲት። የካቲት! ታዲያ መብሬ፣ ፓስታውን እየቀቀልክ እሷን በፖስታ ነዋ የላክሃት!»

ከራሱ በቀር የሳቀ የለም። እሱም መሀል ላይ ሲደርስ ገባውና ሳቁን አቁሞ ጠላውን አነሳ። መብርሃቶም ቀና ብሎ አላየም። እጁን ከጠረጴዛው ሥር ወስዶ በአውራ ጣቱ የጣቶቹን አንጓ ሲነካካ ከጎኑ ስለነበርኩ አየሁት። እንደገናም ቆጠረ። አደይ ትርሓስ ሕፃኗን ማወዛወዛቸውን ተዉ።

ወይኒ የወጥ ድስት ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። «ስምንት ናት» አለች። «ስምንት ወሯ ነበር። በጥር ነው።»

«ሰባት ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አሉ አደይ ትርሓስ።

«እትዬ ጽጌ በይ ስላለችኝ ነው።»

ጽገረዳ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እውነቷን ነው፣ አደይ። ያልኩት እኔ ነኝ። ስምንት ስንላችሁ ልጁን ትታችሁ ስለምትሄዱ ነው። እርስዎም በመጣሁበት አውቶቡስ እመለስ ነበር ብለዋል።»

«የስምንት ወር ልጅ አያድግም።»

«ያድጋል። ይኸው እቅፍዎ ውስጥ አድጋለች።»

«እኔስ ለዚህ አይደል ሰባት ናት የምለው?» አሉ አደይ ትርሓስ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ የሚያስረዱ ይመስሉ ነበር። «ስምንት ብትሆን ይሄን ጊዜ አፈር ነበረች።»

ጽገረዳ ኋላ ደጋግማ የምትለኝ ይህን ነው፤ ልጅቷ ብትሞት ኖሮ ወይኒ ንጹሕ ነበረች። መኖሯ መሰከረባት።

«ወይ ያን ጊዜ ዋሽታችሁኛል፣ ወይ አሁን ትዋሹኛላችሁ» ቀጠሉ አደይ ትርሓስ። «ያን ጊዜ እኔን ምን ብላችሁ ትዋሹኛላችሁ? አሁን ግን የምትዋሹበት አላችሁ። በሁዳዴ፣ ልጄ በጎርፍ ታግዶ ሳለ…» አልጨረሱትም።

መብርሃቶም ተነሥቶ ወጣ። ደጋጋ «ኧረ መብሬ፣ ጨዋታ ነው» እያለ ተከተለው። እንግዳው አንድ በአንድ ነጠላውን እያነሳ ሲወጣ አደይ ትርሓስ ሕፃኗን ለወይኒ አቀበሏት። ከማቀበላቸው በፊት ቆቧ ወደ ዓይኗ ወርዶ ስለነበር በአንድ ጣታቸው ቀና አድርገውላታል። በማግሥቱ ወደ ውቅሮ ተመለሱ።

ጽገረዳ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ካምፑ ድረስ መልእክት ላከች፣ ሽማግሌ ላከች፣ ያዋለደውን ሐኪም እንኳ ለምና እንዲናገር አደረገች። የመብርሃቶም መልስ አጭር ነበር፤ «ሲስተሯ የወይኒ የሰፈር ሰው፣ የልጅቷም የክርስትና እናት ናቸው፤ ሐኪሙም የሲስተሯ ባልደረባ ነው» አለ። ወይኒ የላንቻውን ቤት ለቅቃ ወደ አባቷ ተመለሰች። አቶ ገብረመስቀል ከስፌት መኪናቸው ጎን ለሷ ወንበር አስቀመጡላት፣ ቁልፍ መትከልና ክፈፍ መስፋት ጀመረች።

የደጋጋ ጨዋታ ግን ላንቻ ላይ አልቀረም። ማን እንዳመጣው አላውቅም፣ ካዛንቺስ ደረሰ። አርያም መሄድ ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ የሰፈሩ ልጆች «ፖስታ» ይሏት ነበር። «አባባ፣ ለምንድን ነው ፖስታ የሚሉኝ?» ስትል ሰምቻለሁ። አቶ ገብረመስቀል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ስለምትፈጥኚ ነው» አሏት። እሷም ይህን ለማሳየት ከበሩ እስከ ቧንቧው ሮጠች።

ጽገረዳ ሥራዋን አልተወችም። ሰባት ማለቱን ግን አፏ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ስትጠየቅ ስምንት ብላ እቅጩን የነገረቻቸው አንድ ቤተሰብ ፔርሙዛቸውን ይዘው እንደወጡ አልተመለሱም፤ እናትየው ብቻዋን ታግላ ታግላ ልጁ አልተረፈላትም። በወሩ ይሁን በብቸኝነቱ ማን ያውቃል። ከዚያ ወዲያ አያቶች ሲመጡ «ዶክተሩን ጠይቁ» ብላ ከክፍሉ ትወጣ ነበር። ስለ አባቶቹና ስለ ኮፍያዎቻቸው የምታወራልኝ ወሬም ቀረ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ክሩን ብቻ እንስባለን።

ወይኒ ክፉ ቃል ተናግራት አታውቅም። ጽገረዳ በየበዓሉ ለክርስትና ልጇ ልብስ ይዛ ትሄዳለች፣ ወይኒ ተቀብላ ታመሰግናለች፣ ወንበር ታቀርባለች፣ ሻይ ታቀርባለች። ከዚያ ወደ ክፈፏ ትመለሳለች። «ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» ትለኛለች ጽገረዳ።

አርያም ሰባት ዓመት ሲሆናት ትምህርት ቤት መመዝገቢያዋ ደረሰ። ልጅቷ የአባት ስም ያስፈልጋታል። በዚያው ሰሞን መብርሃቶም አዲስ አበባ ተመልሶ ሌላ አግብቶ፣ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ የሥራ ተቋራጭ ቢሮ እንደሚሠራ፣ ምሳ ሰዓት ላይም እዚያው ካሉት ካፌዎች በአንዱ ሻይ እንደሚጠጣ ሰማን። ጽገረዳ «ብቻዬን አልችልም» አለችኝና አብሬያት ሄድኩ።

ሲያየን ተነሥቶ ቆመ። ሰውነቱ ወፍሯል፣ ጸጉሩ ከፊት ሳስቷል። ወንበር ስቦ አስቀመጠን፣ ሻይ አዘዘልን። ጽገረዳ ስኒዋን ሳትነካ ወደ ጉዳዩ ገባች።

«ልጅቷ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ስምህን ስጣት፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

መብርሃቶም ፊቱን ወደ አደባባዩ አዞረ፤ የታክሲ ረዳቶቹ «ሳሪስ! ሳሪስ!» ይላሉ። «አይቻታለሁ» አለ።

«የት?»

«እዚያው ካዛንቺስ፣ ከስፌት ቤቱ በር ላይ። ቁልፎችን በቀለም እየለየች ስትደረድር ነበር። ጆሮዋን አየሁት።» የራሱን የግራ ጆሮ ያዘ፤ ጫፉ ወደ ፊት የታጠፈ ነበር። «የአባቴም እንዲህ ነበር።»

«ታዲያ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

ጽገረዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር።

«እናቴ ካቻምና አረፈች» አለ መብርሃቶም። «እስክትሞት ድረስ ሲበርዳት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ 'ያቺ ልጅ' ትል ነበር። ለሷ እንኳ አልነገርኳትም።»

«ለምን? ምን አስፈራህ?»

«ሲስተር፣ እርስዎ ቀላል ይመስልዎታል። ሰው ሁሉ ተበድሏል ብሎ ነው የሚያውቀኝ። ባለቤቴም ያገባችኝ ተበድሏል ብላ፣ አዝናልኝ ነው። ዛሬ ተነሥቼ ልጄ ናት ብል ይህን ሁሉ ዓመት ማን ነበርኩ ልበል? በዳዩ እኔ ልሆን ነው እኮ።»

«ሰባት ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱን በኔ አድርገው፤ ሲስተሯ አሳስታኝ ነበር በል። የትም ቆሜ እመሰክርልሃለሁ።»

«እርስዎ የዋሹት ልጅ ለማሳደግ ነው» አለ። «የኔን ግን ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?» ተነሥቶ እጅ ነሣን፣ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝብን ነግሮን ወጣ።

በታክሲ ተመለስን። ካዛንቺስ ወርደን ወደ ግቢያችን ልንታጠፍ ስንል ጽገረዳ «ለወይኒ ልነግራት ነው» አለች። «ዝም ብትዪ አይሻልም?» አልኳት። «ዝም ማለትም ሰባት እንደማለት ነው» ብላ ወደ ስፌት ቤቱ ገባች። ከኋላዋ ተከትዬ በሩ ጋ ቆምኩ። ወይኒ የአንድ ኮት ክፈፍ ይዛ መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አቅንታ ክር እየከተተች ነበር።

«አገኘሁት፣ ወይኒ።»

«አልሰጥም አለ?»

«አልሰጥም አለ። ግን ያውቃል። ልጁ እንደሆነች ያውቃል።»

ወይኒ ክሩን አስገብታ ቋጠረችው፣ ጫፉን በጥርሷ ቆረጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ካያት ጀምሮ። ጥቂት ዓመት ይሆነዋል መሰለኝ።»

«እኔ እኮ እትዬ ጽጌ፣ ቂርቆስ በሄድኩ ቁጥር 'አያውቅምና ማረው' ነበር የምለው» አለች ወይኒ። «እሱን ሳላዝንበት የኖርኩት አያውቅም ብዬ ነው። አንቺንም ያልተቀየምኩሽ ማንም ሆን ብሎ አልበደለኝም ብዬ ነው።» ኮቱን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ መስፋት ጀመረች። «አሁን ምን ብዬ እጸልያለሁ?»

በማግሥቱ አርያምን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ ጽገረዳም አብራ ሄደች፤ ወይኒ አትምጪ አላለቻትም። የሆነውን ማታ ነገረችኝ። መዝጋቢው ከዴስኩ ኋላ የተቀመጠ ትሑት ሰው ነው፤ ስም ሲጠይቅ ብዕሩን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል።

«የልጅቷ ስም?»

«አርያም።»

«የአባት ስም?»

«ገብረመስቀል» አለች ወይኒ።

«አያት?»

«ሃድጉ።»

«ያንቺስ ሙሉ ስም?»

«ወይኒ ገብረመስቀል ሃድጉ።»

መዝጋቢው ጻፈና ቀና አለ። አርያምን አየ፣ ወይኒን አየ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። «ታናሽ እኅትሽ ናት ማለት ነው» አለ።

ከኋላቸው የተሰለፉ ወላጆች ነበሩ። ወይኒ የልጅቷን እጅ እንደያዘች «አዎ፣ እኅቴ ናት» አለች።

ከግቢው ወጥተው መንገዱን ሲሻገሩ አርያም እጇን እየሳበች «እማ፣ እኅትሽ ነኝ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«ለትምህርት ቤት ነው።»

«ቤት ስንገባስ?»

«ቤት ስንገባ ልጄ ነሽ።»

አርያም ይህን ስታስብ ጥቂት ተራመደች። ከዚያ ዘወር ብላ ከኋላ የምትከተለውን ጽገረዳን አየቻት። «እትዬ ጽጌስ ምኔ ናት?»

ወይኒ መንገዷን ቀጠለች። ጽገረዳ የክርስትና እናትሽ ነኝ ልትላት አፏን ከፍታ ነበር። እናት የሚለው ቃል ግን ወይኒ ፊት አልወጣላትም።